ያልተጠየቀው ሰው፦ ስለ ሚዲያ ወገንተኝነት ሀዋሳ ላይ ያወራሁት

(ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ሀዋሳ ላይ ወጣቶች ባዘጋጁት የውይይት ፕሮግራም ላይ ያወራሁት ነው። ልጆቹ በስልክ ቀድተው ጽፈው ላኩልኝ፣ እኔም እዚም እዛም ትንሽ ነካካሁት እንጂ ብዙም አላስተካከልኩትም፣ እንደወረደ ነው።)

እንደምን ዋላችሁ! አይ ይሄማ እንቅልፍ የያዘው ሰላምታ ነው፣ እንደምን ዋላችሁ? እሺ፣ አሁን ተሰማኝ። ከኋላ ድምፄ ይደርሳል? ወንበር ያጣችሁ ልጆች እዚ ፊት ለፊት ቦታ አለ፣ ኑ፣ አትፈሩ፣ ጥያቄ አልጠይቃችሁም። እናቶች አባቶች፣ እህቶቼ ወንድሞቼ፣ በዚ ፀሐይ ፍቅር ሐይቅ ዳር ዛፍ ጥላ ስር ቡና መጠጣት እየቻላችሁ እኔን ልትሰሙ ስለመጣችሁ በእውነት እግዜር ይስጥልኝ። አዘጋጆቹም ለዚች አዳራሽ ስንት ደብዳቤ ይዘው እንደተንከራተቱ ሰምቻለሁና ጭብጨባ ይገባቸዋል፣ እስቲ አጨብጭቡላቸው።

እኔ ዕድሜዬን ዜና ክፍል ውስጥ ነው የፈጀሁት። ሪፖርተር ሆኜ ጀመርኩ፣ በኋላ ኤዲተር ሆንኩ፣ አሁን ጡረታ ወጥቼ ልጆች አስተምራለሁ። የየትኛው ጣቢያ እንደሆነ አልናገርም፣ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ፣ የማታውቁም ባታውቁ ምንም አይቀርባችሁም።

በጥያቄ ልጀምር። ሚዲያ ወገንተኛ ነው፣ ወደ አንድ ወገን ያዳላል ብላችሁ የምታምኑ እጃችሁን አውጡ። ኧረ ሁሉም! እሺ አውርዱ። አሁን ደግሞ፣ እኔ ራሴ ማታ ማታ የማየው፣ የምወደው፣ ሰብስክራይብ ያደረግኩት ሚዲያ ያዳላል የምትሉ? አያችሁ? አያችሁ! አንድ፣ ሁለት፣ እዛ ጥግ ላይ ያለችው ልጅ፣ ጎበዝ። ሌላው የታለ? የሚያዳላው ሁልጊዜ ጎረቤት የሚያየው ሚዲያ ነው ማለት ነው። ይሄን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ዛሬ ሦስት ነገር ነው የማወራው። አንደኛ ወገንተኝነት ዜና ክፍል ውስጥ እንዴት ነው የሚሰራው፣ ሁለተኛ ከራሳችን ታሪክ አንድ ሁለት ነገር፣ ሦስተኛ ስለ እናንተ፣ ስለ ተመልካቹ። ሦስተኛው ላይ ትቀየሙኛላችሁ፣ ከአሁኑ ይቅርታ።

ይሄ ርዕስ በተነሳ ቁጥር ሰው ሁሉ ሩዋንዳ ይላል። ልክ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1994 አርቲኤልኤም የሚባለው ሬዲዮ ሰው በሰው ላይ ሲያስነሳ ነበር፣ ከጀርባው የነበሩ ሰዎችም አሩሻ በተቋቋመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት 2003 ላይ ተፈርዶባቸዋል። ግን ዛሬ ስለሱ አላወራም። ለምን? ግደሉ የሚል ሬዲዮ ስትከፍቱ ቢያንስ ምን እየሰማችሁ እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ጆሯችሁ ይነግራችኋል። እኔን የሚያሳስበኝ ሱፍ ለብሶ፣ ክራባት አስሮ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ እንደምን አመሻችሁ ብሎ የሚመጣው ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? እሱ ነው።

እሺ፣ አንደኛው። ሰው ወገንተኝነት ሲባል ውሸት ይመስለዋል። ሪፖርተሩ ያልሆነውን ሆነ ብሎ ሲያወራ። እኔ በቆየሁበት ዘመን ግን ዓይን ያወጣ ውሸት ብዙ አላየሁም፣ ያየሁት ምርጫ ነው። ጠዋት ስብሰባ እንቀመጣለን፣ ጠረጴዛው ላይ ብዙ ወሬ አለ፣ የሚገባው ጥቂት ነው፣ የቀረው ይጣላል። ማን ነው የሚጥለው? ሰው ነው። በየትኛው ተጀመረ? ማን ተጠየቀ? ማን ሳይጠየቅ ቀረ? ካሜራው ወዴት ዞረ? በቃ፣ ወገንተኝነት ያለው እዛ ውስጥ ነው፣ ያንን ዜና ከነነፍሱ ፋክት ቼክ ብታደርጉት ደግሞ አንድ ስህተት አታገኙበትም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንድ ጎበዝ ወጣት ሪፖርተር ነበረን፣ የዓሣ ዋጋ ጨመረ ተባለና ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ አሞራ ገደል ሊሰራ ሲሄድ እኔም እስቲ አየር ልቀበል ብዬ አብሬው ሄድኩ። አሞራ ገደልን ታውቁታላችሁ፣ ጠዋት ጀልባው ሲገባ፣ ልጆቹ ቆሮሶውን ቅርፊቱን ፍቀው በሁለት ቢላ ምት ሥጋውን ሲያወጡት፣ አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ ደግሞ አንገታቸውን አቀርቅረው ሆድ ዕቃው እስኪጣልላቸው ሲጠብቁ፣ እንደውም ከልጆቹ የበለጠ ሰልፍ ያውቃሉ። ልጁ ማይኩን አውጥቶ ገዢዎቹን መጠየቅ ጀመረ። "የዓሣ ዋጋ መናሩ ኑሮዎ ላይ ምን ያህል ጫና አሳደረ?" ነው የሚለው። አንዱ ሰውዬ ኧረ አልቻልነውም አለ፣ አንዷ ልጆቼ ዓሣ ካዩ ቆዩ አለች፣ ሌላው ስግብግብ ናቸው፣ መንግሥት እርምጃ ይውሰድ አለ። ልጁ ደስ አለው፣ ይቺ እርምጃ ይውሰድ የምትለዋን ለመዝጊያ አሰባት።

አጠገባችን አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ መረብ ይጠግናሉ። "እኔንስ አትጠይቀኝም ወይ?" አሉት። "አባባ እርስዎን በኋላ" አላቸው። እሳቸው በኋላ የሚባለውን አልጠበቁም፣ መረቡ ስንት ሆነ ብለህ ጠይቀኝ፣ ሌሊት ወጥቼ ምን ይዤ እንደምገባ ጠይቀኝ፣ ጫጩቱን በጠባብ መረብ ጠርገው የሚያወጡት እነማን እንደሆኑ ጠይቀኝ፣ ዓሣው ሳያድግ አልቆ እኔ ምን ላድርግ እያሉ ቀጠሉ። አጠገባቸው ዓሣ የምትጠብስ ሴትዮ ነበረች፣ ቀና እንኳ ሳትል ምን አለችው መሰላችሁ? "ልጄ፣ ጥያቄህኮ መልሱን አዝሎ ነው የመጣው።"

ማታ ዜናው ወጣ። ሦስት ገዢ፣ አንድ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ መጨረሻ ላይ እርምጃ ይወሰድ። ሽማግሌው የሉም። ውሸት አለው? የለውም። ዋጋው ጨምሯል፣ ሰዎቹ ያሉትን ብለዋል፣ ኃላፊውም ተናግረዋል። ግን ያንን ዜና ያየ የሀዋሳ ሰው ስለ ሐይቁ ምን አወቀ? አጥማጅ ማለት ስግብግብ ማለት እንደሆነ አወቀ። ጫጩት ስለሚያወጣው መረብ፣ ስለ ሐይቁ ማለቅ አንድ ቃል አልሰማም። በማግስቱ የሚያወራው ስለ እርምጃ ነው፣ የሚጮኸው ስለ እርምጃ ነው፣ ባለሥልጣኑም የሚሰማው ያንኑ ጩኸት ነው። አንድ ያልተጠየቀ ሰው ይሄን ሁሉ ይቀይራል።

ይሄን ነገር ሰዎች አጥንተውታል። እ.ኤ.አ. በ1968 የአሜሪካ ምርጫ ጊዜ ማክስዌል ማኮምብስና ዶናልድ ሾው የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ቻፕል ሂል በምትባል ከተማ ማንን እንደሚመርጡ ገና ያልወሰኑ 100 ሰዎችን ያገሪቱ ትልቁ ችግር ምንድነው ብለው ጠየቁ። ከዛ ጋዜጣውም ቴሌቪዥኑም ስለምን ብዙ እንዳወራ ቆጠሩ። ሁለቱ ዝርዝር ቁጭ አንድ ሆነ ማለት ይቻላል። ሚዲያ ይሄን አስቡ ላይላችሁ ይችላል፣ ስለዚ ጉዳይ አስቡ ግን ይላችኋል፣ እናንተም ታስባላችሁ። እኛ ሀገር ዜና ስትሰሙ እስቲ አስተውሉ፣ ዎርክሾፕ ተከፈተ፣ እከሌ አሳሰቡ፣ እከሌ ገለጹ፣ ተጠቆመ፣ ተመላከተ። ግማሹ ዜናኮ አዳራሽ ውስጥ የተወለደ ነው። ለምን? ሪፖርተሩ ተጠርቶ ነው የሚሄደው፣ መኪና ይላክለታል፣ ምሳ አለ፣ ሲወጣ የትራንስፖርት ተብላ አንድ ፖስታ ትሰጠዋለች። ሽማግሌው አጥማጅ መኪና አይልኩም። ማንም ሰው ቁጭ ብሎ ሽማግሌውን እንጣላቸው ብሎ አላሴረም፣ በቃ የሚጠራ ስለሌላቸው ነው። ደመወዙ ወር የማያደርስ ልጅን አንተ ለምን ፖስታ ትቀበላለህ ብሎ መስበክም ለኔ ቀላል አይደለም፣ የሚያዳላው ከልጁ ኪስ በፊት ባጀቱ ነው።

ግሶቹንም እዩልኝ፣ ግሶቹን። የምንወደው ሰው ሲናገር "ገለጹ" ነው፣ የማንወደው ሲናገር "አመኑ" ነው፣ ከዛም ሲብስ "ሊያስተባብሉ ሞከሩ"። ሰዎች "ሞቱ" ይባላል፣ ማን እንደገደላቸው የሚናገር የለም። በሌላ ቀን ግን ገዳዩ ከነስሙ ከነቡድኑ ከርዕሱ መጀመሪያ ላይ ይቀመጣል። ኤዲተር ሆኜ በቀይ እስክሪብቶ በጣም የታገልኩት ከዚ ጋር ነው።

አሁን ትንሽ ጨዋታ እንጫወት። ከዚ ከመተላለፊያው በስተግራ ያላችሁ ስሙኝ፣ በስተቀኝ ያላችሁ ጆሯችሁን ድፈኑ፣ አይ ድፈኑ የምሬን ነው! ግራዎች፦ 600 ሰው የሚገድል በሽታ መጣ። አንደኛውን መንገድ ከመረጣችሁ 200 ሰው ይድናል። ሁለተኛውን ከመረጣችሁ ከሦስት አንድ ዕድል ሁሉም ይድናል፣ ከሦስት ሁለት ዕድል ማንም አይድንም። አንደኛውን የምትመርጡ? እሺ፣ ብዙ ናችሁ። አሁን እናንተ ድፈኑ። ቀኞች፦ ያው በሽታ፣ ያው 600 ሰው። አንደኛውን መንገድ ከመረጣችሁ 400 ሰው ይሞታል። ሁለተኛውን ከመረጣችሁ ከሦስት አንድ ዕድል ማንም አይሞትም፣ ከሦስት ሁለት ዕድል ሁሉም ይሞታል። አንደኛውን የምትመርጡ? ኧረ የታላችሁ? ሁለተኛውን? አያችሁ!

ጥያቄው አንድ ነው። 200 ይድናል ማለትና ከ600ው 400 ይሞታል ማለት አንድ ሒሳብ ነው። ይሄን ሙከራ የሰሩት ቴቨርስኪና ካንማን የሚባሉ ተመራማሪዎች ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ነው ያሳተሙት። ይድናል ተብለው ከተጠየቁት 72 በመቶው እርግጠኛውን መረጠ፣ ይሞታል ከተባሉት ግን እርግጠኛውን የመረጠው 22 በመቶ ብቻ ነው። ቁጥር አልተቀየረም፣ አንድ ውሸት አልተነገረም፣ የተነገረበት በኩል ነው የተቀየረው። እና እናንተ በቅድሙ ጥያቄ እኔን ማንም አያታልለኝም ብላችሁ ነበር የመጣችሁት።

ወደ ሁለተኛው ልሂድ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው መሰለኝ። ከራሳችን ታሪክ።

1965 እና 66 ወሎ ላይ ምን እንደደረሰ ታላላቆቻችን ያውቁታል። ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ የሀገር ቤት ሚዲያ ዝም ብሎ ነበር። አዲስ ዘመን አለ፣ ሬዲዮ አለ፣ ቴሌቪዥንም ከ1957 ጀምሮ አለ፣ ግን ዝም ነው። ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል የእንግሊዝ ጋዜጠኛ መጥቶ ቀረጸ፣ ጥቅምት 1966 ለንደን ላይ ታየ፣ ዓለም ደነገጠ፣ እኛ ግን አላየነውም። እስከመቼ? መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ድረስ። ዕንቁጣጣሽ ዕለት ማታ! ደርግ ያንን ፊልም ወስዶ ቆረጠው፣ መሀል መሀሉ ላይ ሌላ ምስል አስገባበት። የቤተ መንግሥት ግብዣ፣ ጃንሆይ ውሾቻቸውን ሲያበሉ። ወሎ ላይ የሞተ ሕፃን፣ ቆረጥ፣ ግብዣ፣ ቆረጥ፣ እናት፣ ቆረጥ፣ ውሻ። በማግስቱ ጠዋት መስከረም 2 ንጉሡ በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ወጡ።

አባቴ ያኔ አዲስ አበባ ነበር። ቴሌቪዥን ያለው ጥቂት ቤት ስለሆነ ሰፈሩ በሙሉ አንድ ነጋዴ ቤት ተሰብስቦ ነው ያየው፣ መግቢያ አጥቶ በመስኮት የሚያይ ሁሉ ነበር። ፊልሙ ሲጀምር ሰዉ ያለቅስ ነበር ይለኛል፣ ሲያልቅ ግን የሚያለቅስ ሰው አልነበረም፣ ሁሉም ተቆጥቷል። አስቡት፣ አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ኀዘን ወደ ቁጣ ዞረ፣ ያዞረው መቀስ ነው።

አሁን በደንብ ስሙኝ፣ ንጉሡን ለመከላከል አይደለም። ረሃቡ እውነት ነው፣ መደበቁም እውነት ነው፣ ግብዣውም ውሾቹም እውነት ናቸው። አንዱም ምስል የፈጠራ አይደለም። ግን ግብዣው የተቀረጸው መቼ ነው? ለምን ነበር? ሕፃኑ በሞተ ሰሞን ነው? የነገረን የለም። መቀሱ አገናኛቸው፣ እኛ በጭንቅላታችን ቀሪውን ሞላነው። እኔ እንደሚመስለኝ በዚ ሀገር እንደዛች ማታ ሰው የለወጠ ቪዲዮ ወጥቶ አያውቅም። ደግሞም ያ ፊልም ያን ያህል ጉልበት ያገኘው ቀድሞ ዝምታ ስለነበረ ነው፣ ሕዝቡ በጊዜው ተነግሮት ቢሆን ኖሮ ያቺን ማታ ደርግ የሚያሳየው አዲስ ነገር አይኖረውም ነበር።

ከዛስ? ቀልዱን ስሙ እንግዲህ። አሥር ዓመት ቆይቶ፣ መስከረም 1977፣ ያው ደርግ አሥረኛውን የአብዮት በዓል ያከብራል፣ ፓርቲው ኢሠፓ ይመሠረታል፣ አዲስ አበባ በቀይ ባንዲራና በመብራት አሸብርቃለች፣ ቴሌቪዥኑ ሰልፍ ያሳያል። ኮረም ላይ ሰው እያለቀ ነው። የተደበቀ ረሃብ አሳይቶ ንጉሥ ያወረደ መንግሥት የራሱን ደበቀ። ጥቅምት 13 ቀን ቢቢሲ ላይ የማይክል በርክ ዘገባ ወጣ፣ ካሜራውን የያዘው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነው፣ ዓለም እንደገና ደነገጠ፣ በዛው ዓመት ሐምሌ ላይቭ ኤድ የሚባለው ትልቁ ኮንሰርት ተደረገ፣ እርዳታ ጎረፈ። ያ ዘገባ ስንት ነፍስ እንዳተረፈ እግዜር ነው የሚያውቀው፣ ክፉ አልናገረውም።

ግን ምን ሆነ፣ ያ ምስል ተጣብቆ ቀረ። ለስልጠና ውጭ ሀገር በሄድኩ ጊዜ አንድ ደግ ሽማግሌ ከየት ነህ አሉኝ፣ ከኢትዮጵያ አልኳቸው። እጄን ያዝ አድርገው፣ በጣም አዝነው፣ "አሁንስ ምግብ ታገኛላችሁ?" አሉኝ። ሰውዬው ክፉ አይደሉም። ያዩት ነገርም ውሸት አይደለም። ከዛ ወዲህ ስለኛ ሌላ ነገር ያሳያቸው ስለሌለ፣ ለሳቸው እኛ እስካሁን 1977 ላይ ነን። እኔም ምሳ በልቼ እሳቸውን ለማጽናናት ምን እንደምል ጠፋኝ።

እሺ ሦስተኛው፣ የምትቀየሙኝ። ስለ እናንተ።

እዚ ውስጥ የሀዋሳ ከተማ ደጋፊ አለ? እሺ! የሲዳማ ቡናስ? ኧረ ቀስ፣ አዳራሹ የኛ አይደለም! ሁለቱ ሲጫወቱ በሬዲዮ የሚያስተላልፍ ጓደኛ ነበረኝ። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ስልኩ አያርፍም። አንዱ ደውሎ አንተ የነሱ ሰው ነህ፣ የኛን ጎል ስትናገር ድምፅህ ወረደ ይለዋል። ስልኩን ሳይዘጋ ሌላው ደውሎ አንተ የነዚያ ሰው ነህ፣ ፔናሊቲያችንን አፈንከው ይለዋል። አንድ ሰው፣ አንድ ጨዋታ፣ አንድ ድምፅ። ምስኪኑ መጨረሻ ላይ የሚወደው ሚስቱን ብቻ ነው ትል ነበር እሷ ራሷ።

እሱንም አጥንተውታል። እ.ኤ.አ. በ1951 ፕሪንስተንና ዳርትማውዝ የሚባሉ ሁለት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በነሱው ፉትቦል ተጋጠሙ፣ ጨዋታው ዱላ ቀረሽ ነበር፣ የአንዱ አፍንጫ ተሰበረ፣ የሌላው እግር። ሃስቶርፍና ካንትሪል የሚባሉ ተመራማሪዎች የጨዋታውን ፊልም ለሁለቱም ተማሪዎች አሳዩና ጥፋት ቁጠሩ አሏቸው። የፕሪንስተን ልጆች የዳርትማውዝ ጥፋት ብለው የቆጠሩት የዳርትማውዝ ልጆች በራሳቸው ላይ ከቆጠሩት ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። አንድ ፊልምኮ ነው! እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣ ጥናት ደግሞ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች በ1982 ቤይሩት ስለተፈጸመው ጭፍጨፋ የተላለፈ የቴሌቪዥን ዜና ለእስራኤል ደጋፊዎችና ለአረብ ደጋፊዎች አሳዩ። ያው ዜና ነው፣ ሁለቱም ወገን ይሄ ሚዲያ በኛ ላይ ያዳላል አሉ። ሁለቱም!

ታዲያ ልጠይቃችሁ፣ እናንተ ሚዲያው ያዳላል ስትሉ ምን ያህሉ የሚዲያው ነው፣ ምን ያህሉ የናንተ ነው? ቅድም እጅ አውጡ ስላችሁ ምን እንደሆነ አስታውሱ። ሁለት አጎቶች አሉኝ፣ በዓል በመጣ ቁጥር አንድ ቤት ተቀምጠው አንድ ዜና ያያሉ፣ አንድ ዜና! እና ሁለቱም ሪሞት ፍለጋ ይነሳሉ፣ ይሄ ጣቢያ ያንተ ነው፣ አይ ያንተ ነው። ባለቤት ያጣ ጣቢያ። እኛ ደግሞ ዶሮ ወጡ እየቀዘቀዘ እንጠብቃለን።

ከዛ ስልኩ መጣ። ቀድሞ ኤዲተሩ ነው የሚመርጠው፣ ቢያንስ ስሙ ይታወቃል፣ ቢሮው ይታወቃል፣ ሄደህ ትጮህበታለህ። አሁን የሚመርጥልህ ጣትህ ነው። የቱ ላይ ቆየህ፣ የቱ አናደደህ፣ የቱን ሼር አደረግክ፣ ፌስቡክም ቲክቶክም ያንን አይቶ ሌላ ይጨምርልሃል። ዩቲዩብ ክፈቱ፣ ሰበር ዜና፣ ጉድ ፈላ፣ አስደንጋጭ፣ ቀይ ቀስት፣ አፉን የከፈተ ሰው ፎቶ። ገብታችሁ ስታዩት ሃያ ደቂቃ ሙሉ ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት ሰብስክራይብ አድርጉን ነው። ለምን እንደዛ ይሰራሉ? ስለምንከፍተው ነዋ! ኤምአይቲ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2017 ትዊተር ላይ የተዘዋወሩ 126 ሺህ ገደማ ወሬዎችን አጥንተው በ2018 ሳይንስ መጽሔት ላይ አወጡት፣ ሐሰተኛው ወሬ ከእውነተኛው ይልቅ መልሶ የመሰራጨት ዕድሉ 70 በመቶ ይበልጣል። ሮቦት አካውንት ነው ያሰራጨው እንዳትሉ፣ እሱንም አውጥተው አዩት፣ ልዩነቱን ያመጣው ሰው ነው። እኔና እናንተ።

ስለዚ ምን እናድርግ ትሉኛላችሁ። አሁን አሁን የፋክት ቼክ ስልጠና በየሆቴሉ ይሰጣል፣ ጥሩ ነው፣ ፎቶ በጉግል ሌንስ ፈልጉ፣ ቀኑን እዩ፣ እሺ። ግን ነግሬያችኋለሁ፣ የዓሣው ዜና ፋክት ቼክ ቢደረግ መቶ ከመቶ ያልፋል። የመስከረም 1ዱ ፊልም ምስል በምስል ቢመረመር ያልፋል። ስለዚ የሐሰት ወሬ ፍለጋ ብቻ አያድነንም። እኔ ተማሪዎቼን አንድ ነገር ብቻ ነው የማስለምዳቸው፣ ዜና አይታችሁ ስትጨርሱ እዚ ውስጥ ሳይጠየቅ የቀረው ማነው በሉ። ስለ ባጃጅ ነው? ሹፌሩ አለ? ተሳፋሪው አለ? ስለ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ነው? ሥራ አስኪያጁ አለ፣ ማሽኑ ላይ የምትቀመጠው ልጅስ የት ናት? ስለ ተፈናቃይ ነው? ኮሚሽኑ አለ፣ ባለሥልጣኑ አለ፣ ረጂው ድርጅት አለ፣ ድንኳን ውስጥ ያለው ሰውዬስ? ይሄን መጠየቅ ስትጀምሩ የምትወዱት ሚዲያ ላይም መጠየቅ ትጀምራላችሁ፣ እዛ ላይ ትንሽ ያማል።

እሺ ሰዓትህ አልቋል እየተባልኩ ነው፣ ያቺ ልጅ ካርድ እያሳየችኝ ነው። ጥያቄ እንቀበል፣ ማይኩን ወደኋላ አሳልፉልኝ። አንተ ወንድሜ፣ ነጭ ቲሸርት።

(አንድ ልጅ "ታዲያ ጋሼ፣ ገለልተኛ ሚዲያ የሚባል አለ ወይስ የለም? ካለ ንገሩንና እሱን ብቻ እንይ" ብሎ ጠየቀኝ፣ ሰዉ ሳቀ።)

የለም። አጭሩ መልስ የለም ነው፣ ሰው እስከሰራው ድረስ የለም። ግን ሁሉም አንድ ነው ማለት አይደለም፣ ይሄን እንዳትሳሳት፣ ሁሉም ያዳላል ብሎ መተው ደግሞ ለአጭበርባሪው ነው የሚመቸው። እኔ አንድ ሚዲያ ልመን አልመን ስል የማየው ስህተቱን ሲያገኝ ምን ያደርጋል የሚለውን ነው። ኒውዮርክ ታይምስ ከኢራቅ ጦርነት በፊት ሳዳም የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ አለው የሚል ብዙ ዜና አውጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2004 ላይ አዘጋጆቹ ለአንባቢ በጻፉት ማስታወሻ ዘገባችን መሆን የነበረበትን ያህል ጥብቅ አልነበረም ብለው አወጡት። ጦርነቱ ከተጀመረ ከዓመት በላይ አልፎታል፣ የሞተው ሞቷል፣ ዘግይቷል፣ ማንንም አያስመሰግንም። ግን ጻፉት። እኛ ሀገር ማታ የሁለት ሰዓት ዜና ላይ ትናንት ያልነው ልክ አልነበረም ሲባል ሰምተህ ታውቃለህ? ዩቲዩበሩ ቪዲዮውን ዝም ብሎ ያጠፋዋል፣ ጣቢያው ዝም ብሎ ያልፈዋል። ስለዚ ስም አልጠራልህም፣ የምታየውን ጣቢያ ይዘህ እርማት ያወጣበትን ቀን ፈልግ፣ ካገኘህ ቀጥል። ካላገኘህ ደውልላቸው፣ ስልካቸው ስክሪኑ ስር ተጽፏል፣ የማስታወቂያ ክፍሉ ቶሎ ያነሳል።

ቀጥሎ እዛ ጥግ ላይ ያለችው፣ ቅድም ብቻዋን እጅ ያወጣችው።